ነጂ ካለ ጠባቂ አለ

ይህ ነገር በእርግጥ ሆኗል። ሌላ ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ የትም አላነበብኩትም፤ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው።

የገና በዓል ሊገባ አንድ ሳምንት ገደማ ቀርቶታል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ብሏል። በሰሜን ዊስኮንሲን ክረምት ፀሐይ በዚያ ሰዓት የጥዶቹን ጫፍ ትነካለች፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑ አለቀ ማለት ነው።

አብሮኝ የነበረው አጎቴ ሃርላን ነው። አባቴ ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። መተኮስም፣ ዓሣ ማጥመድም፣ መሳደብም ያስተማረኝ እሱ ነው። በዚያ ዓመት መኸር ላይ ልቡን ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ነበርና፣ ስንወጣ ሚስቱ አርዲስ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

"ዌንደል፣ ሳይመሽ ይዘኸው ና። የምልከው እሱን አምኜ አይደለም፣ አንተን ነው።"

እሺ አልኳት። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

ጠዋት ሐይቁ ላይ ማጥመጃዎቻችንን ተከልን። የሐይቁን ግግር በረዶ በስተን፣ መንጠቆው ላይ ትንሽ ሕያው ዓሣ ሰክተን፣ በየቀዳዳው አፍ ቀይ ባንዲራ አጥፈን አስቀመጥን። ከታች ትልቅ ዓሣ ክሩን ሲጎትት ባንዲራው ብድግ ይላል። መኪናችን ከቆመበት ዳርቻ ጀምረን እስከ ሐይቁ መሃል ድረስ በአንድ መስመር ደረደርናቸው።

ከዚያ አጋዘን ፍለጋ ማዶ ወዳለው ጫካ ተሻገርን። የአደን ዘዴያችን የቆየ ነው። አንዱ ነጂ ይሆናል፤ እየጮኸ፣ ቅርንጫፍ እየሰበረ ጫካውን ያቋርጣል። አጋዘኖቹ ከጫጫታው ሲሸሹ፣ ሌላው ጠባቡ መውጫ ላይ ዝም ብሎ ይጠብቃቸዋል።

እኔ ነዳሁ። ሃርላን ጠበቀ።

አንዴ ተኮሰ። እንስቷ አጋዘን ቆሰለች እንጂ አልወደቀችም። ከጫካው ወጥታ በግግሩ ላይ ሽቅብ ሮጠች... ወንዙ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት። እዚያ ውኃው ስለማይተኛ ግግሩ ስስ ነው። ያገሩ ሰው ሁሉ ያንን ቦታ ይሸሸዋል።

ግግሩ ከሥሯ ተሰበረ። አንዴ ራሷን ብቅ አደረገች።

ከዚያ የለችም።

አቁስሎ መተው ለሃርላን ትልቅ ነውር ነው። ገመድ ይዞ ሊጠጋ ሲነሳ ከለከልኩት፤ አርዲስ የምትገድለው እኔን እንደሆነ ነገርኩት። ፈገግ አለ፣ ፊቱ ግን አመድ መስሎ ነበር። አዘንኩለት።

በግግሩ ላይ ወደ መኪናችን ጥቂት እንደተመለስን፣ መኪናው አጠገብ ያለው ባንዲራ ብድግ አለ።

"እራታችን መጣ" አለ ሃርላን።

ባንዲራ ሲነሳ እኛ ዘንድ ትልቁም ትንሹም ይሮጣል። እኔም ልሮጥ ስል ሁለተኛው ተነሳ።

ቀጥሎ ሦስተኛው...

ቀጥሎ ከሱ ወዲህ ያለው...

በተራ። ወደ እኛ።

ሃርላን ፈገግታው ጠፋ። ዓሣ እንዲህ አይሄድም። ነፋስ እንዳልል ቅጠል እንኳ የሚያወዛውዝ አልነበረም።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ባንዲራ ሲነሳ አጠገቡ ደርሼ ነበር። ተንበርክኬ ወደ ቀዳዳው አየሁ። ክሩ አልተነካም። መንጠቆው ላይ ያለችው ትንሿ ዓሣ በሕይወት ናት። ግን እስከ ቀዳዳው አፍ ወጥታ ጠርዙ ላይ ተለጥፋለች። ከውኃው ለመውጣት የምትታገል ነበር የምትመስለው።

ያኔ ከሥሬ ተንኳኳ።

ቋ... ቋ... ቋ...

በጉልበቴ በኩል ተሰማኝ።

"ተነስ" አለኝ ሃርላን በሹክሹክታ። "ቀስ ብለህ።"

ተነስቼ ወደ ኋላ አፈገፈግን። ኳኳታው ተከተለን። ስንቆም ይቆማል። ስንራመድ ይራመዳል። ወደ ግራ ስንል ግራ ላይ ያንኳኳል። ወደ ቀኝ ስንል ቀድሞን ቀኝ ላይ ይገኛል። ክፍት የቀረልን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር፤ በዚያው ሄድን።

ስንት እንደተጓዝን አላውቅም። ፍርሃት ርቀት አያስለይም። አንድ ቦታ ላይ፣ እንዲያው በልማድ፣ የግግሩን ጥንካሬ በምፈትሽበት የብረት ዘንግ ነካ አደረግኩት።

ዘንጉ ሰምጦ ገባ። ውኃ ፊጭ አለ።

ዞር ብዬ አየሁ። አጋዘኗ የሰመጠችበት ቀዳዳ ከኋላችን ነው... ቅርብ።

"አጎቴ... ወንዙ አፍ ላይ ነን።"

ሃርላን ቀዳዳውን አየ። የቆሙትን ባንዲራዎች አየ።

"እየነዳን ነው" አለ።

"ምኑ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ግን ነጂ ካለ ጠባቂ አለ። ከእንግዲህ ወደ ኋላ እንዳትዞር።"

አልዞርኩም። ግን ሰማሁ። ከኋላዬ ቀዳዳው ውስጥ ውኃው ይንቦጫረቃል... ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ ሰው ገላውን ሲታጠብ እንደሚሰማው።

ሃርላን እጁን ዘረጋልኝ። ስስ ግግር ላይ ሰው ተራርቆ ነው የሚሄደው፤ ይህንንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ከልጅነቴ ወዲህም እጁን ይዤ አላውቅም።

ያዝኩት።

"ያረጀ ወንድ አጋዘን ሲነዳ ምን ያደርጋል?" አለኝ።

"ወደ ነጂው ይመለሳል።"

"ያረጀውም ለዚህ ነው።"

ኳኳታው ወዳለበት ሄድን። እያንዳንዱ እርምጃ ሞቴ ነበር። ቋ... ቋ... በጫማዬ ሥር በረታ። ጥርሴ ድረስ ነዘረኝ። ሃርላን ያለከልካል፤ እኔ በሆዴ አርዲስን እጠራለሁ፣ አመጣዋለሁ፣ አመጣዋለሁ እላለሁ።

ከዚያ ኳኳታው ከኋላችን ሆነ።

አለፍነው።

ዳርቻው ላይ ስንወጣ ሳቅሁ። ሃርላንም እያለከለከ ሳቀ፤ ያን ነጂ አንድ አሮጌ ስድብ ሰደበው። እጃችን እንደተያያዘ ነው። መኪናው እዚያው ፊት ለፊታችን ቆሟል። ከአርዲስ ወቀሳ ተርፌያለሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

ብልህ አዳኝ የአሮጌውን አጋዘን ዘዴ ያውቃል። ስለዚህ ከነጂው ኋላ ሌላ ጠባቂ ያቆማል።

ይህን ልነግረው ወደ ሃርላን ዞርኩ። እሱ ግን ቀድሞኝ አስቦታል። ከመኪናው ወዲያ ያሉትን ጥዶች ነበር የሚያየው።

"አጎቴ?"

"ዝም በል።"

ከጥዶቹ መካከል ነጭ ትንፋሽ ይወጣል። ብርድ ላይ የቆመ ሰው እንደሚተነፍሰው። ግን ከሰው ቁመት እጅግ ከፍ ብሎ ነው። አካል አይታይም። ቅርንጫፍ አይነቃነቅም። ትንፋሹ ብቻ... ይወጣል... ይበተናል... ይወጣል...

ቆመ።

ያደነ ሰው ያውቀዋል። ጣት ቃታ ላይ ሲያርፍ ትንፋሽ ይያዛል።

የተኩስ ድምፅ አልሰማሁም። ደም አላየሁም። የሃርላን እጅ ብቻ ከእጄ ወጣ። በረዶው ላይ በጉልበቱ ተቀመጠ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በጎኑ ተኛ።

ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። አርዲስም ልቡ ነው ብላ ቀበረችው። ሳይመሽ ይዤው ገብቻለሁ፤ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም።

እኔ ግን ስሙን እየጠራሁ፣ ፊቱን በእጄ እንደያዝኩ ቀና ብዬ ነበር።

ከጥዶቹ መካከል አንድ ረጅም ነጭ ትንፋሽ ወጣ።