ፈትሌ ያለበት ካሚዮን

ሰው የሚወደው በዓይኑ ነው ይላሉ። እኔ ታንጉት ግን ዳኘውን የወደድኩት በጆሮው ነው፤ በገዛ ጆሮው።

ጊዜው በ1933 ዓ.ም. የካቲት አልቆ መጋቢት ሊጠባ ሲል ነው፤ ቤታችን ዛሬ ፍኖተ ሰላም ከምንላት ከተማ ወደ ቡሬ በኩል፣ ከመንገዱ በላይ። ጣሊያን ቡሬን ለቆ በደጃችን ሸሸ። ወንድሜ ዘሩ ከአርበኞች ጋር ሲዋጋ ጭኑን በጥይት ተመትቶ ተኝቷል። እግሩ አብጧል፣ ትኩሳቱ ከቀን ቀን ይብሳል። ቡሬ ሐኪም ገብቷል ተባለ፤ ግን ቃሬዛ የሚሸከሙት ጎረምሶች ሁሉ ዘምተዋል።

በዚህ መሀል አንድ የጣሊያን ካሚዮን እንፋሎት እየተፋ ከቤታችን በታች ቆመ። ጣሊያኖቹ በሌላ ካሚዮን ተሳፍረው ሄዱ። ሹፌሩ ዳኘው ጥሻ ውስጥ ተደብቆ ቀረ፤ የደሴ ልጅ ነው፣ በግድ ነበር የሚያስነዱት። ካሚዮኑ ከተነሳ ወንድሜን ያደርስልኛል ብዬ እንስራዬን አዝዬ ወረድኩ።

«ካሚዮኑ ጠምቶት ከሆነ ውሃ ይኸው» አልኩት።

ሳቀ። «አልጠማውም እህቴ። ያጠጡትን ሁሉ ነው የሚያፈሰው።»

ጎንበስ ብሎ አሳየኝ። ከማራገቢያው ኋላ ካለው ብረት ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ማራገቢያውን በእጁ ቢነቀንቀው እንደ ላላ ጥርስ ተወዛወዘ።

«ይህ ፖምፓው ነው፤ ውሃውን በሞተሩ ውስጥ የሚያዞረው። ዘንጉ ተበልቷል።»

ሞተሩን ለአፍታ አስነሳና የያዘውን ዱላ አንድ ጫፍ ከፖምፓው፣ ሌላውን ከጆሮው አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። እንዲህ የሚያዳምጥ ወንድ አይቼ አላውቅም። እኛ ቤት ሴት ስትናገር እንኳ እንዲህ የሚሰማት የለም። ዱላውን ሰጠኝና እኔም አዳመጥኩ፤ ጠጠር የገባበት ወፍጮ ይመስል ያጉረመርማል።

«ሌላ ፖምፓ ካገኘሁ ወንድምሽን አደርሰዋለሁ» አለኝ።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ለጣሊያን የነዳ እጅ ልጄን አይነካም» አሉ።

ዘሩ ከመደቡ ላይ ሆኖ «አባቴ፣ ልሙት ነው የሚሉኝ?» አላቸው። አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወጡ። ዘሩ ወደ እኔ ዞረና «እኛ ወንዙ ዳር ገደል የከተትነው ካሚዮን አለ፤ ከሱ ይፍታ» አለ።

ይህን ስነግረው ዳኘው «እንኳንም ከተታችሁት» ብሎ መፍቻውን አነሳ። ፖምፓውን ፈቶ ሲመለስ ልብሱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር። ዘንጉ ደህና ነው፤ ውሃ እንዳያፈስ በዙሪያው የሚጠመጠመው ገመድ ግን በስብሷል።

«ጥጥ መፍተል ትችያለሽ?» አለኝ።

«የጎጃም ሴት እንዲህ ተብላ ትጠየቃለች?»

«አጥፍቻለሁ። ጠንካራና ወጥ የሆነ ፈትል ፈልጌ ነው።»

ለነጠላዬ ያስቀመጥኩትን አምጥቼ አከረርኩለት፤ በቀለጠ ሰምና ሞራም ነከርነው። ጫፉን እኔ ይዤ እሱ ሲጠመጥም፣ ፈትሉ ባጠረ ቁጥር ፊታችን ተቀራረበ። እሱ ቀና ሲል እኔ አቀረቀርኩ፤ እኔ ቀና ስል እሱ። ከዚያ ፖምፓውን አስገብቶ፣ መጋጠሚያው ላይ በልኩ የቆረጠውን ቁርበት አድርጎ፣ ብሎኖቹን በየተራ አጠበቀ። እንስራዬን ተቀብሎ ውሃውን የሞላበት ያን ጊዜ ነው።

ሞተሩ ተነሳ። ዱላውን መልሶ ሰጠኝ።

«ምን ይላል?»

«ምንም አይል።»

«ይኸው ነው ጤናው» አለና ፈገግ አለልኝ። አለቀልኝ።

ዘሩን ከጭድ ላይ አስተኝቶ፣ በየዳገቱ እየቆመ ፖምፓውን እያዳመጠ ቡሬ አደረሰው። ወንድሜ እግሩ ሳይቆረጥ ዳነ። ዳኘው እዚያው ቡሬ ቀረና ገበያ በዋለ ቁጥር በደጃችን ማለፍ አበዛ።

«ሽማግሌ ላካ» አልኩት አንድ ቀን።

«ማንን ልላክ? እዚህ አገር ዘመድ የለኝም። አባትሽን ደፍሮ የሚለምንልኝስ ማን አለ?»

እውነቱን ነው። አባቴ «ለልጄ ነፍስ አመሰግነዋለሁ፤ ሴት ልጄን ግን ለጣሊያን ለነዳ አልሰጥም» ብለው ነበር። የሠፈሩ ሽማግሌዎች ሁሉ ይህን ሰምተዋል። ያን ቀን እንስራዬን እንኳ ሳልሞላ እያለቀስኩ ተመለስኩ። ዘሩ አየኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘሩ ምርኩዙን ይዞ ከአባታችን ፊት ቆመ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁት፤ እንዝርቴ ከእጄ ላይ ቀረ።

«ተቀመጥ እንጂ ልጄ» አሉ አባቴ።

«አልቀመጥም አባቴ። ሽማግሌ ነኝ።» በአገራችን ሽማግሌ እሺታውን ሳያገኝ አይቀመጥም።

«የማን ሽማግሌ?»

«የዳኘው። ታንጉትን ይስጡት።»

የዘሩ ቁስለኛ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ምርኩዙ ወለሉን ሲመታ ጓዳ ድረስ ይሰማኛል። ላብ በግንባሩ ወረደ፤ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ጎጃም ሰው ጠፍቶ ነው በአንድ እግሩ የቆመ የላከብኝ?» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ።

«በሁለት ነው የቆምኩት አባቴ። ይዩት።»

አባቴ አዩት፤ እግሩን ብዙ አዩት።

«እሺ፤ ሰጥቻለሁ» አሉ።

ዘሩ ተቀመጠ።