መጀመሪያ የወረደው ሞተር

መነጽር ሠሪዋ የማትፈራው ነገር ካለ፣ የሚያውቋት ሰዎች እስከ ዛሬ አላገኙትም። ውሻ ትፈራለች፤ መሰላል ትፈራለች፤ ስልክ ሳይታሰብ ሲጮኽ ክው ትላለች። አባቷ «ደንባራዬ» እያለ ነው ያሳደጋት። የሥራ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ግን ሌላ ሰው ናት። ለሰው ዓይን የሚሆን መስታወት ስትሞርድ እጇ ንቅንቅ አይልም።

እንዲህ ያለች ሴት፣ ጓሮ ውስጥ ለዓመታት ሸራ ለብሶ የኖረውን የአባቷን አሮጌ መኪና አድሳለሁ ብላ ስትነሳ ያልሳቀ አልነበረም። እሷ ግን የምታውቀውን ታውቃለች። ሾፌር የነበረው አባቷ፣ እናቷ ካረፈች ወዲህ ከበረንዳው ወንበር አልነሳ ብሏል። ሲጠሩት ይመልሳል፣ ሲያቀርቡለት ይበላል፤ ልቡ ግን እዚህ የለም። ይህን በየቀኑ ማየት አስፈራት። መኪናው ሲነሳ ምናልባት እሱም ይነሳ ይሆናል ብላ አንድ ጠዋት ሸራውን ገፈፈችው።

አናጢውን ያገኘችው በዚሁ ሰበብ ነው። መኪናው ከመሬት ከፍ ብሎ የሚቆምባቸው አራት የእንጨት ድጋፎች ፈልጋ መንገዱን ተሻግራ ሱቁ ገባች።

«ምን ሊሸከሙልሽ ነው?» አላት፣ ከመጋዙ ቀና ሳይል።

«መኪና።»

ቀና አለ። አያት። እሷም ዓይኗን ወዴት እንደምታደርገው ጠፍቷት ጆሮው ላይ የሰካውን እርሳስ አየች።

«ሥሩ የሚገባው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች።

«እንግዲያው ወፈር አድርጌ እሠራቸዋለሁ።»

ድጋፎቹን ሊያደርስ መጥቶ «ለአፍታ ልየው» ብሎ ገባ፤ እዚያው ቀረ። ሱቁን ሲዘጋ ይመጣል፤ ቅዳሜን እነሱ ጓሮ ይውላል።

«ደግሞ አናጢ ስለ መኪና ምን ያውቃል?» አለ አባት ከበረንዳው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳይጠየቅ የተናገረው ይህንን ነበር።

«ምንም አላውቅም አባባ! እሷም አታውቅም። ተያይዘን ነው የገባነው» አለ አናጢው።

ለሁለቱም የመጀመሪያቸው ነበርና በቅድሚያ የሥራውን ተራ ማውጣት ነበረባቸው። የአናጢው ልብ እንደ ጀማሪ ሁሉ ቀለሙ ላይ ነበር።

«ቀለሙን እንቀባውና ደስ ይበለን፤ ሌላው ይደርሳል።»

«ቀለሙን ቀብተን፣ ከዚያ ስንበይደው ልናቃጥለው?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ግን አይፈራም ማለት ነው።»

ሳቀች። ከዚያ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራውን አወጡ። ከሥር ወደ ላይ፣ ከኋላ ወደ ፊት። መጀመሪያ ወለሉን የበላው ዝገት ይፋቃል። ቀጥሎ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች የሚያያይዘው አክስል ይወርዳል፤ ጀርባውን የሚሸከመው የብረት ድርድር፣ ባሌስትራው፣ አብሮ ይፈታል። ሞተሩ የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ቀለምና ወንበር መጨረሻ። አባትየው ዓይኑን እንደ ጨፈነ ጉሮሮውን ጠረገ፤ እሺ ማለቱ መሰላቸው።

አንድ ቅዳሜ የአንዱን በር ዝገት እሷ ከውጭ፣ እሱ ከውስጥ እየፋቁ ሳለ መስታወት በሌለው መስኮት ተያዩ። ፊቱን የዝገት አቧራ አልብሶታል። መፋቁን አቆመ። እሷም አቆመች።

«ብንጋባስ?» አላት።

ዓይኗ ላይ የመጣው የአባቷ ወንበር ነው። ሰው ይወዳል፣ ይኖራል፣ ከዚያ አንድ ቀን በረንዳ ላይ ብቻውን ይቀራል። ይዞ ከማጣት ከመጀመሪያው አለመያዝ ይሻላል ብላ ታስብ ነበር። ይህን ሰው መውደዷን ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ታውቃለች፤ የሚያስፈራትም እሱው ነው።

«መኪናውን እንጨርስና እነግርሃለሁ።»

«ከቀለሙና ከወንበሩ በኋላ ማለት ነው?»

«ከወንበሩ በኋላ።»

«እሺ፤ ተራ ይዣለሁ» አለና ወደ ዝገቱ ተመለሰ። አንጀቷን በላው።

ከዚያ ወዲህ ፍርሃቷ ሌላ ሆነ። ቀድሞ የምትደነግጠው ለራሷ ነበር፤ አሁን ለእሱ ሆነ። ብረት ሲቆርጥ ፍንጣሪው ይረጫል፤ ከአሮጌው ሞተር ነዳጅ ይሸታል፤ ከልብሱ ላይ የእንጨት ብናኝ ጠፍቶ አያውቅም። ሦስቱን ስትደምራቸው እሳት ይታያታል። እንቅልፍ አጣች። ሥራ ቦታ የሰው መነጽር በእጇ እንደ ያዘች ፈዝዛ ትገኛለች። እሱ ትንሽ ካረፈደ በሩን ደጋግማ ታያለች፤ ሲመጣ ደግሞ ምነው ባልመጣ ትላለች።

«ሞተሩ መጀመሪያ ይውረድ» አለችው በመጨረሻ።

«ከኋላ ነው የምንጀምረው ተባብለን አልነበር?»

«እባክህ። ነዳጁ እየሸተተኝ አንተ ብረት ስትቆርጥ ማየት አልቻልኩም።»

አያት። ዓይኗ ሥር የጠቆረውን አየና አልተከራከራትም። «አንቺ እፎይ ካልሽ ይውረድ» አለ። አባቷን ሊጠይቁት ይችሉ ነበር፤ ወንበሩ ላይ አሸልቦት ስለነበር እንቀስቅሰው አላሉም።

ባለሰንሰለት ማንሻ ተከራዩ። ማንሻው በፊት በኩል እንዲገባ መኪናውን በክሪክ ከፍ አድርገው ሁለቱን የፊት ድጋፎች ወደ መሀል ገፋ አደረጓቸው። ሞተሩ እየተንገጫገጨ ተነሳ፤ ቀስ ብሎ ወጥቶ የጓሮው ጥግ ላይ አረፈ። እሷም ከልቧ ተነፈሰች። ዘላ አናጢውን ልታቅፍ ምንም አልቀራት።

አናጢው ጊዜ አላጠፋም። በጀርባው እየተንፏቀቀ ከኋላ በኩል ሥሩ ገባ፤ የባሌስትራውን ቡሎን ሊፈታ።

«ቆይ!» አለች። የተፈቱትን ጎማዎች እያንከባለለች አመጣችና አንዱን በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ከመኪናው ሥር አስተኛቻቸው።

«ትራስም ጨምሪበት» አለ ከሥር እየሳቀ።

የመነጽር አንዱ መስታወት ሲከብድ ፍሬሙ ወደዚያው እንደሚያዘነብል እሷ ጠንቅቃ ታውቃለች። መኪና ላይ ግን አላሰበችውም። ሞተሩ ከፊት ወርዷል፤ የኋላ ድጋፎቹ ደግሞ አክስሉ እንዲፈታ ሲባል ከእሱ ወደ መሀል ገባ ብለው ነው የቆሙት፤ ክብደቱ ሁሉ ከኋላ፣ እሱ በተኛበት በኩል ቀርቷል።

አናጢው ቡሎኑን በኃይል ሲስበው የመኪናው አፍንጫ ብድግ አለ። ቀስ ብሎ ነበር የተነሳው፤ ሮጣ የምትደርስ መሰላት፤ እግሯ ግን አልታዘዛት አለ። ከዚያ ጀርባው ወረደ። ድምፁ ደረቷ ውስጥ ገባ። አቧራው ተነሳ። ከሥር ይሰማ የነበረው ሳቅ ቆመ።

በቁሟ ደረቀች። ከዚያ ተወርውራ የሚታያትን እግሩን ያዘች።

«እንዳትጎትቺው!»

አባቷ ነበር። ከበረንዳው መቼ እንደ ወረደ አላየችም፤ በባዶ እግሩ አጠገቧ ቆሟል። «እንዳትነኪው። ክሪኩን አምጪ። ከዚህ፣ ከወፍራሙ ብረት ሥር አስገቢው። ቀጥ አድርጊው!»

ተንበረከከች። የክሪኩ እጀታ ያመልጣታል፤ መልሳ ትይዘዋለች። ጎንበስ ብላ ወደ ሥር አየች። መኪናው ጎማዎቹ ላይ ተኝቷል። በብረቱና በደረቱ መካከል የቀረው የመዳፍ ስፋት ነው። አንድ ክንዱ ተይዟል። ዓይኖቹ ተገልጠዋል፤ ግን አይርገበገቡም።

«አለህ?» አለች። «አንተ! አለህ?»

ዓይኖቹ ወደ እሷ ዞሩ። «አለሁ» አለ በቀጭን ድምፅ። «ትራሱ ግን ጠንከር ይላል።»

ይሄኔ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እሺ ብያለሁ። አገባሃለሁ። ትሰማኛለህ?»

«አልሰማሁም» አላት።

«እሺ ነው የምልህ!»

«እዚህ ሥር ሆኜ አልቀበልም። አሁን ብጠይቅሽ ጎማውንም ታገቢዋለሽ። ስወጣ፣ ከፈለግሽ፣ ያኔ ትነግሪኛለሽ።»

«ወሬውን ተዉት! አንቺ ክሪኩን አሽከርክሪ!» አለ አባት።

አሽከረከረች። ብረቱ በጣት ልክ ተነሳ፤ አባትየው እንጨት ሸጎጠበት። እንደገና በጣት ልክ፤ እንደገና እንጨት። ላብ አጠመቃት። ክሪኩ በተንቀጫቀጨ ቁጥር ነፍሷ የምትወጣ ይመስላታል። በመጨረሻ አባቷ «አሁን ሳቢው» አለ። አናጢው ሲወጣ ክንዱ አብጧል፣ ግንባሩ ተልጧል፤ ሌላው አካሉ ደህና ነው።

አባት መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ተራ አውጥታችሁ አልነበር? ከኋላ ስትሉ ሰምቻለሁ። ማን ነው የለወጠው?»

«እኔ» አሉ ሁለቱም።

ከሐኪም ቤት ሲመለስ አናጢው አልጠየቃትም። እሷም አልተናገረችም። ደህና እደሩ ብሎ ሲወጣ መንገዱን እስኪሻገር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። ከዚህ በኋላ አይመጣም የሚል ፍርሃት ያዛት፤ ይህኛው ከሁሉም የባሰ ነበር።

በማግስቱ ሥራዋን ትታ ሱቁ ሄደች። አናጢው አልጋ ሊሆን የነበረ ጣውላ ላይ ተቀምጧል። ደህናው እጁ ላይ እርሳስ ይዟል፤ እርሳሱ ይንቀጠቀጣል። ስታይበት እጁን ደበቀ።

«ከትናንት ጀምሮ መስመር ማስመር አቅቶኛል» አላት። «እዚያ ሥር ስቀልድ የነበረው ጀግና ሆኜ አይደለም። ዝም ካልኩ አለቅሳለሁ ብዬ ነው። ሞት ነው ያስፈራኝ፤ አልዋሽሽም።»

እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ከዚያ ደግሞ» አለ፣ «እሺ ስትዪኝ፣ ፍርሃት ነው ያናገራት ብዬ ፈራሁ። ፍርሃቱ ሲለቅሽ ትጸጸቻለሽ ብዬ።»

«ፍርሃት ነው ያናገረኝ» አለች።

አንገቱን ደፋ።

«ዛሬም ፈርቻለሁ። መንገዱን ስሻገር እንኳ ሁለት ጊዜ ልመለስ ብዬ ነበር። ፍርሃቴ እስኪወጣልኝ ብትጠብቅ ታረጃለህ። ሳልፈራ የሠራሁት ነገር የለም፤ ይህንንም እየፈራሁ ነው የምልህ።» የደበቀውን እጁን ፈልጋ ያዘችው። «እሺ። አሁን ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ» አለ። እንባው መጣበት፤ በዚህ ጊዜ ምንም አልቀለደም።

የተጋቡ ዕለት መኪናው ገና ሞተር አልነበረውም። አባቷ መሀላቸው ገብቶ የሁለቱንም ክንድ ያዘና ወደ ሰርጋቸው በእግራቸው ሄዱ።