በድንጋዩ ላይ የተቀመጠው

የአንዲት ዴንማርክ መንደር ሽማግሌ አለቃ ዬፔ በሸንጎው ሜዳ ግንባሩ ተፈንክቶ፣ ሞቶ የተገኘው ረፋድ ላይ ነበር። አጠገቡ የማስ የእንጨት ጫማ ወድቋል። ማስ መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ማረን ወሬውን ስትሰማ ወደ ሜዳው ሮጠች፤ አንገቱን ሊቀሉባት ነው!

የወረዳው ዳኛ ቪንተር መጥቶ፣ ገበሬዎቹ ለሸንጎ የሚቀመጡባቸውን፣ ክብ ሠርተው የተደረደሩትን አሥራ ሁለት ድንጋዮች ሲዞር እሷም እጇን እያፋተገች ከኋላው ትዞር ነበር።

«ጌታ ዳኛ፣ ጫማ እኮ ሁላችንም ደጅ ላይ ነው የምናወልቀው፤ ማንም ብድግ ያደርገዋል!»

«ዬፔ ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከገበሬዎቹ ነዋ! ኮፐንሃገን የሚቋቋመው ምክር ቤት ፎልከቲንግ ተባለ አይደል? ዬፔ ‹ቲንግ ማለት አባቶቻችን እዚህ የተቀመጡት ሸንጎ ነው፤ ፎልክ ደግሞ ሕዝብ። የሕዝብ ሸንጎ ከሆነ መሬት የሌለውም ገብቶ ይቀመጥ፣ ከግጦሹም ይድረሰው› አለ። ኤስበን ከሁሉም በላይ ጨሰ።»

ሀብታሙ ገበሬ ኤስበን ሲጠየቅ ተቆጣ። «እኔን አታነካኩኝ! ዛሬ ከላሞቼ በረት ንቅንቅ አላልኩም።»

ቪንተር አንዱ ድንጋይ ሥር ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ መንደሩን ሁሉ ሰበሰበ።

«ማስ፣ እዚህ ተቀመጥ» አለ፣ ያንኑ ድንጋይ እያሳየ።

ማስ ከክቡ ውጭ እንደቆመ ላብ አጠመቀው። «አልችልም፣ ጌታ ዳኛ።»

«ግባ፣ አንተ ሰውዬ!» ማረን ገፋችው። እግሩ አልተነቃነቀም።

«ድንጋዬን እንዳይነካ!» ኤስበን ጮኸ። «ከአባቴ ወዲህ ከእኔ በቀር ማንም ተቀምጦበት አያውቅም!»

«ማንም?»

«ማን ደፍሮ!»

«እንግዲያው ስሙ» አለ ቪንተር። «የሌሊቱ ዝናብ ያቆመው ጎህ ሲቀድ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው እዚህ ተቀምጦ ከዬፔ ጋር ተነጋግሯል። የቦት ጫማው ተረከዝ ጭቃው ውስጥ ሰምጧል፤ የፒፓው አመድም ደረቅ ነው። ሌሎች አሥራ አንድ ድንጋዮች ነበሩለት። ግን በሰው ድንጋይ የሚቀመጥ እዚህ አገር የለም። ማስን አያችሁት፣ ነፍሱን ለማዳን እንኳ አልደፈረም። ኤስበን፣ እስቲ ቦትህን አሳየኝ።»

የግራው ተረከዝ ጥጉ ተሸርፏል፤ ጭቃው ላይ ያለውም እንደዚያው።

«ግጦሹን ሊያካፍልብኝ ነበር» አለ ኤስበን። ይዘውት ሄዱ።

ማረን ባሏ ላይ ተጠመጠመች፤ ወዲያው ደግሞ ደረቱን በጡጫ ደበደበችው። «ሽማግሌው እኮ ግባ ስላለህ ነው የሞተው! ምነው አንዴ እንኳ ብትቀመጥለት?»

እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ክቡ ውስጥ ገባችና የዬፔ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ገበሬዎቹ አጉረመረሙ፤ «ተነሺ» ያላት ግን አልነበረም።