የኸድራ ተራ

«ሄደች!» አለች ኸድራ፣ ገና በሩን ሳታልፍ። «የስፌት መኪናዋ ሄደች። ሴትዮዋ ትናንት ለሌላ ሰው ሸጠቻት።»

ኢፍራሕ ከቀሚሱ ጫፍ የምትቆርጠው ክር እጇ ላይ ቀረ።

«ትጠብቀኛለች ስትይ አልነበር?» አሉ ሁሉም «ኤዶ»፣ አክስቴ፣ እያለ የሚጠራቸው የስፌት ቤቱ ባለቤት ኤዶ ሩን፣ ቀና ሳይሉ።

«ጠበቀችኝ እኮ! ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? እሷም ጓዟን ጠቅልላ ቡርኦ ከተማ ልትገባ ነው።» ኸድራ ሻሿን አስተካክላ ሳቀች። «ወይ ደግሞ ለመኪናዋ አዝናላት ይሆናል። መርፌ ስሰብር አይታኛለች።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ኢፍራሕ ብቻ መሳቅ አቃታት።

ሐርጌሳ ውስጥ እቁብ የሌለው ስፌት ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። እነሱም አላቸው። ሐሙስ ሐሙስ ደሞዝ እንደተከፈለ፣ ገንዘቡን ጫማና ብስኩት ሳይበላው፣ ሁሉም ድርሻውን ለኤዶ ሩን በስልክ ይልካል። ተራው በዕጣ ነው የሚወጣው። የቸገረው ሰው ካለ ግን ባለተራውን «አስቀድመኝ» ብሎ ይለምናል። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ያልቸገረው ይለምናል ብሎም የሚጠረጥር የለም።

ኢፍራሕ የለመነችው በእቁቧ የስፌት መኪና ልትገዛ ያሰበችውን ኸድራን ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ሥራ መጥታ፣ ዩኒፎርሟን እንኳን ሳትቀይር፣ «የፈተና መክፈያ አጣሁ» አለቻት።

«ውይ በሞትኩት! ለዚህ ነው እንዴ እንዲህ የምትጨነቂው? የኔን ተራ ውሰጂ፣ እኔ ባንቺ ተራ እወስዳለሁ። መኪናዋ እንደሆነች እግር የላት።»

የፈተናውን ግን አባቷ ቀድሞ ከፍሎ ነበር። የክፍሏ ልጆች «ስልክሽ ፋራ ነው» እያሉ ሲስቁባት ስለከረሙ፣ ኢፍራሕ በእቁቡ ገንዘብ አዲስ ስልክ ገዛች። ለኸድራ «የአጎቴ ልጅ ከጅዳ ላከልኝ» አለቻት። ኸድራም «ታድለሽ!» ብላ፣ ጉንጯን ጉንጯ ላይ ለጥፋ አብራት ፎቶ ተነሳችበት።

አሁን ኸድራ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። ሳቋ የለም።

«እቁቡ ሊደርሰኝ ትንሽ ነበር እኮ የቀረኝ» አለች ቀስ ብላ። «እናቴ መስኮቱ ስር ያለውን ቦታ ጠርጋ ስትጠብቅ ነበር። እቤት እየሰፋሁ አጠገቧ ልውል…» ከዚያ የኢፍራሕን ጉልበት መታ አደረገች። «አንቺ ግን እንዳታስቢ። ፈተና ይበልጣል። አለፍሽ አይደል?»

ኢፍራሕ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ስልኩን ብትሸጠውስ? መኪናዋ አትመለስም። ዝም ብትልስ? ማንም አያውቅም። ኸድራም ነገ እንደ ልማዷ ቦታ ትይዝላታለች፣ ሻይዋን ታካፍላታለች፣ ስለ ትምህርቷ ትጠይቃታለች።

እሱን ነው ያልቻለችው።

መቀሱን አስቀመጠች። «ኸድራ፣ ነይ እስቲ ውጪ።»

«አሁን? ኤዶ ሩን ይገሉናል!»

«ይግደሉን። ስለ ፈተናው ነው።»

ኸድራ ግራ ገብቷት ጫማዋን በእግሯ መፈለግ ጀመረች። ኢፍራሕ ቀድማ ወጣች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ጠበቀቻት።