ወርቅ የዋጠው ዘንዶ

በሰንደራ መንግሥት፣ የራምዳ ወንዝ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ ገልብጠው በተንሳፈፉበት ማለዳ፣ ከመካከላቸው አንዱ አፉን ከፍቶ «ወርቅ ያመጣውን ወርቅ ይውሰደው» አለና ሞተ። የንግሥት ዜማራ አማካሪዎች የትንቢቱን ትርጉም ለማወቅ ጉባኤ ተቀመጡ። ጉባኤው ምሳ በልቶ እንደገና ሲቀመጥ በደጅ ስትጠብቅ የቆየችው የወጣቷ ናርዳ ትዕግሥት አለቀ።

የሚያስቸኩል ነገር ነበራት። ታላቅ ወንድሟ ሲራን የከተማዋ ምርጥ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ቁፋሮ በተከለከለበት በጎርም ተራራ አንድ በጋ ወርቅ ቆፍሮ፣ ለእሷ ጥንድ ጉትቻ፣ ለራሱ ደግሞ የሚንቀጠቀጡ እጆች ይዞ ተመለሰ። እዚያ ወርቁን ከአሸዋ የሚለዩት በባዜቃ፣ በዚያ መርዛማ ፈሳሽ ብር ነው። በእሳት ሲያተኑት ጭሱን የሚተነፍሰው ቆፋሪው፣ ዝቃጩን የሚጠጣው ወንዙ ነው። አሁን አገጩን ለሲራን ምላጭ የሚሰጥ ደፋር በሰንደራ አልተገኘም።

«ግርማዊት ሆይ፣» አለች ናርዳ በዙፋኑ ፊት ቆማ፣ «በራምዳ ውሃ እምላለሁ፤ ወንዙንና ወንድሜን የመረዘውን ሳላጠፋ አልመለስም። ጉባኤው እስክመለስ ይቀጥል።»

ንግሥቲቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ መረቀቻት።

ሲራን መንገድ መሪ ሆነ። እትዬ ዶምፋ የምትባል ጉማሬም መኖሪያዋ ስለተበላሸባት ሳትጠራ ተከተለቻቸው፤ እስከ ተራራው ድረስ ስለ ጉልበቷ እያማረረች።

ከጎርም ሥር፣ ለዓመታት የፈሰሰው ባዜቃ ተጠራቅሞ ነፍስ ዘርቷል፤ የብር ዘንዶ ሆኖ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ ተኝቷል። ናርዳ በሰይፍ መታችው። ዘንዶው በሺህ ጠብታ ተበተነ፤ ጠብታዎቹም ተንከባልለው ተገናኙና እንደገና ዘንዶ ሆኑ። ደገመችው። ዘንዶው ጨዋታው የተመቸው ይመስል ነበር።

«እታለም፣ ሰይፉን ተይው፣» አለ ሲራን። «ባዜቃ ወርቅ ካገኘ ይጣበቅበታል፤ ከዚያ ይደድራል። እስቲ አንዱን ጉትቻሽን ወርውሪለት።»

ወረወረች። የዘንዶው ጅራት ጉትቻው ላይ ተጠምጥሞ ድርቅ አለ። ዓሣው ምን ማለቱ እንደነበር አሁን ገባት።

የጎርም ቆፋሪዎችን የሚያሠራው የድብቅ ወርቅ ነጋዴ ቀርዛን ድንበር የሚያሻግረውን ወርቅ ከወንዙ በላይ ባለ መጋዘን አከማችቶ ነበር። እትዬ ዶምፋ ሳታንኳኳ ስለመጣች ይቅርታ እየጠየቀች መጋዘኑን በትከሻዋ ገፋችው። ወርቁ ወደ ወንዙ ጎረፈ፤ ዘንዶው እየዋጠ፣ እየዋጠ ድንጋይ ሆነ። ምላሱ ብቻ ቀርቶ ይላወስ ነበር። ናርዳ የቀረውን ጉትቻ በጣቷ ነካችው። ሲራን ጤናውን የሰጠበት ነበር። ወደ ወንድሟ ሳታይ ወረወረችው፤ ምላሱም ድርቅ አለ።

ቀርዛን እሳት አምጥተው ድንጋዩን እንዲያቀልጡለት ቆፋሪዎቹን ለመናቸው፤ ግማሹን ሊሰጣቸውም ማለ። እነሱ ግን የሚንቀጠቀጡ እጆቻቸውን አዩ። ከዚያ በእነዚያው እጆች ቀርዛንን አስረው ለንግሥቲቱ ወሰዱት። ዜማራ ድንጋዩን በጥልቅ ዋሻ አስቀበረች፤ የዘውዷም ወርቅ ከጎርም የወጣ ነበርና አውልቃ አብራ ቀበረችው። ለቆፋሪዎቹም የሚያርሱት የዘውድ መሬት ሰጠች። ጉባኤው በዚህ ላይ አልተጠየቀም።

የሲራን እጆች ግን እንደ ቀድሞው አልሆኑም። ሐኪሞቹ የሄደው ሁሉ አይመለስም አሉ። ምላጩን ሊሸጥ ሲያወጣው እትዬ ዶምፋ መጥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ተሰባበረ። መሬት ላይ ተመቻችታ አገጯን ቀና አደረገች።

«ቆዳዬ ወፍራም ነው ልጄ። ጺሜን አስተካክልልኝ።»

ሲጨርስ ወደ ራምዳ ወርዳ ፊቷን ተመለከተች። ውሃው ጥርት ከማለቱ የተነሳ በግራ በኩል የቀረውን ጺም አንድ በአንድ ያሳይ ነበር። ትናንሽ ዓሦችም ሊያዩ ተሰበሰቡ።

«ጠማማ ነው፣» አለች በኩራት። «ነገ እህቶቼን አመጣለሁ።»

ናርዳ ጠንካራ ወንበር ፍለጋ እየሮጠች ሄደች።