ድምፅ ያጣው ቅል

ቅሉ ድምፁን ቀይሯል።

አብርሆት ቤዝ ጊታሯን እየመታች ጆሮዋን ወደ ግራ ጣለች። ኢብራሂማ ዓይኑን ጨፍኖ ቅሉን ይነቀንቃል። ትናንት ሺሺንዳ ከተማ ሲጫወቱ ውስጡ ደረቅ ባቄላ ነበር፤ ጥርት ብሎ ይንኮሻኮሽ ነበር። ዛሬ ታፍኗል። እርጥበት አለው።

ዘሩ ገብቷል ማለት ነው።

የቦንጋው አዳራሽ በአንድ ሆቴል ጓሮ የተሠራ፣ ሠርግም ስብሰባም የሚስተናገድበት የቆርቆሮ ቤት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ከአምስት አገር የተሰባሰበው «ሰባተኛው ፌርማታ» የጃዝ ባንድ ከዝናቡ ጋር ይፎካከራል። ሆላንዳዊው ትራምፔት ይነፋል፣ ብራዚላዊቷ ድራሙ ላይ ናት፣ ጋሽ ሰብሃት ፒያኖው ላይ ጎብጠዋል። ሰዉ መጀመሪያ ግራ ገብቶት ነበር። አሁን ግን የመንግሥት ሠራተኛው ክራቫቱን አላልቶ፣ ነጋዴው ልጁን ትከሻው ላይ ሰቅሎ ይወዛወዛል።

በሩ አጠገብ አንድ ሰው ብቻ አይወዛወዝም። አረንጓዴ ጃንጥላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ለከተማው የኮረሪማ ነጋዴ ነው። ለአብርሆት ግን «ዋንዛ» ነው፤ የደኅንነት አለቃዋ። በዚህ ሥራ ላይ መሆኗን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ባንዱ ዮሀና ይላታል። ዋንዛ «ጉሬዛ» ይላታል። አብርሆት ብሎ የሚጠራት ከጠፋ ስምንት ወር ሆነው።

የተሰጣት ሥራ ግልጽ ነበር። ማንኪራ ጫካ ውስጥ የቡና በሽታ ያልደፈራት አንዲት ዛፍ አለች። ዘሯን ከአገር ሊያወጡ የሚሹ አሉ። መንገዳቸው ይህ ባንድ ነው፤ ተጠርጣሪው ሴኔጋላዊው ኢብራሂማ። ተጠጊው ተባለች፤ ተጠጋችው። ከዚያ ወደደችው። ሪፖርት ላይ አይጻፍም እንጂ እውነቱ ይኸው ነው።

ሙዚቃው አለቀ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዋንዛ ጃንጥላውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ።

«አሁን» ማለቱ ነው።

ከማድ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ኮሪደር ተገናኙ።

«ገብቷል?»

«ገብቷል።»

«ገልብጪው። እፍኝ የምታህል እዚያው ተዪለት፤ ፖሊሶቹ ከዕረፍቱ በኋላ መድረክ ላይ ሲይዙት የሚያገኙት ነገር ይኑር። ሌላውን ለእኔ።»

«ለማስረጃ?»

«ለማስረጃ ነዋ!» የራሰ መሃረብ አቀበላት። «በዚህ ጠቅልዪው። አደራ፣ እንዳይደርቅብኝ።»

እንዳይደርቅብኝ።

ቃሏን ሰጥታው ሄደች፤ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ግን ቆመች። ማስረጃ ደረቀ አልደረቀ ዳኛውን ምን አገባው? የቡና ዘር ከደረቀ አይበቅልም። እንዳይደርቅ የሚሳሳለት ሊተክለው ያሰበ ሰው ብቻ ነው።

ኢብራሂማ መድረኩ ጀርባ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ቅሉን ጆሮው ላይ ይነቀንቃል። አማርኛን የለቀመው ከመንገድ ነው።

«ዮሀና፣ ቅሌ ታመመ» አላት።

«ምን ሆነ?»

«ዛሬ ጠዋት፣ ማንኪራ፣ አንድ ሰውዬ ባቄላ ደፋ። ቡና ሞላ። ‹ስጦታ ነው፣ የጫካ ድምፅ› አለኝ።» ሳቀ። «ደግ ሰው። እዚህም መጣ። አረንጓዴ ጃንጥላ ያለው።»

አብርሆት የራሰውን መሃረብ በእጇ ጨመቀችው።

ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ኬላው የነጋዴ ጆንያ ይበረብራል፤ የሙዚቀኞችን ሚኒባስ ግን ፈታሾቹ እያጨበጨቡ ነው ያሳለፉት። ዘሩን ከጫካ ያወጣው ዋንዛ ነው፣ በኢብራሂማ እጅ። ሻጩም ዋንዛ ነው። የሚታሰረው ኢብራሂማ። ስምንት ወር ሙሉ ክሱን ስትጽፍ የኖረችው ደግሞ እሷ።

«ስጠኝ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» አለችው።

ምንም ሳያንገራግር ሰጣት። «አንቺ ጥሩ ሰው» አላት።

ለማን ትጩህ? ከዋንዛ በላይ የምታውቀው የለም። ዘሩን ብትደፋው ሌላ ቅል ያስሞላል። አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት መሄድ አለበት።

ማድ ቤት ገባች፤ የሆቴሉ ወጥ ሠሪ ብርጭቆ በትሪ ይደረድራሉ።

«እትዬ ጥሩሰው፣ የፈላ ውሃ ይሰጡኛል? ጉሮሮዬን አሞኝ ነው።»

ወይዘሮዋ ማንቆርቆሪያውን እየጠቆሙ ሳቁባት። «አፍሽን ከፍተሽ ሳትዘፍኚ ጉሮሮሽ በምን ታመመ ልጄ? በይ ቅጂ።» ትሪያቸውን ተሸክመው ወጡ።

ዘሩን ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ከነገለፈቱ ነው፤ የሚያምር፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ። የፈላውን ውሃ ለቀቀችበት። ማንም አልጮኸም፤ ምንም አልተሰበረም። ዝም ብሎ ሞተ። እንባዋ መጣ። ጠረገችው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቀችውና በመሃረቡ ጠቀለለችው። በዓይን ለሚያየው ያው ዘር ነው።

ቅሉ ውስጥ አንዲት ፍሬ አላስቀረችም።

«ጉሬዛ!» የዋንዛ ድምፅ ነው። «ፍጠኚ።»

ጥቅሉን በመዳፉ መዘነው። «የእሱስ ድርሻ?»

«ቅሉ ውስጥ ነው» ብላ ዋሸችው።

«ጎበዝ። ከእንግዲህ ሥራሽ አልቋል። ከባንዱ ጋር እንዳትሄጂ።» ጃንጥላውን ዘረጋ። የመኪናው ድምፅ ከዝናቡ ጋር ራቀ።

ቅሉን ኢብራሂማ ወንበር ላይ አስቀመጠች። ቤዟን አምፕሊፋየሩ ላይ አስደግፋ በጎን በር በኩል ቆመች። መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም።

ባንዱ ተመለሰ። ጋሽ ሰብሃት ሁለት ኖታ ጣል አደረጉ። ኢብራሂማ ቅሉን ከፍ አደረገና ነቀነቀው።

ድምፅ የለም።

ደግሞ ነቀነቀው። አዳራሹ የጨዋታው ክፍል መስሎት ጸጥ ብሎ ጠበቀ። ትራምፔቱ ዝቅ አለ። ኢብራሂማ ፊቱን ወደ ቤዟ አዞረ፤ ሰው የለም። ከዚያ በሩ ላይ አያት።

ሁለት ፖሊሶች መድረኩ ላይ ወጡ። ቅሉን ተቀብለው ነቀነቁት፣ ዘቀዘቁት። ምንም አልወደቀም።

«የት ደበቅኸው?»

«ቡናውን? ዮሀና ወሰደች።» ድምፁ ተሰበረ። «ጓደኛዬ ናት። ለምን ወሰደች?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። ብትናገረው ግን ዋንዛ ገና መንገድ ላይ ሳለ ወሬው ይደርሰዋል። ዘሩ መሞቱን ያውቅና ወደ ዛፏ ይመለሳል። ኢብራሂማም ብዙ የሚያውቅ ምስክር ሆኖ ይቀራል፤ እንዲህ ያለው ምስክር ደግሞ ዕድሜ የለውም።

ስለዚህ ፖሊሶቹ ወደ በሩ ሳይዞሩ ሌባ ሆና ወጣች።

ዝናቡ ውስጥ ስትገባ ከኋላዋ ጋሽ ሰብሃት «ዮሀና! ልጄ!» ሲሉ ሰማች። አልዞረችም። ልቧ ግን እዚያው ቀረ።

ፖሊሶቹ ኢብራሂማን የሚይዙበት ነገር አጡና ለቀቁት፤ ከባንዱ ጋር ወደ አገሩ ሄደ። ዋንዛ የሸጠው ዘር አልበቀለም። ተታለልን ያሉት ገዢዎች ራሳቸው ጠቆሙበትና ታሰረ። ጉሬዛን የሚያውቃት እሱ ብቻ ስለነበር የሚፈልጋትም የሚያመሰግናትም አልመጣም። ዛፏ ማንኪራ ውስጥ ቆማለች።

ዓመት አለፈ። ደካ ከተማ ውስጥ ናዝራዊት የምትባል፣ ከየት እንደመጣች የማይታወቅ ልብስ ሰፊ አለች፤ ሥራዋ ንጹሕ ነው፣ ወሬ አትወድም። አንድ ቀን ክርና ቁልፍ ልትገዛ ወደ ቦንጋ ስትወርድ የሚኒባሱ ሾፌር ሙዚቃ ከፈተ። ትራምፔት። ፒያኖ። በሁለተኛው ኖታ ላይ አወቀችው።

መሀል ላይ ሁሉም መሣሪያ በአንዴ ቆመ።

«ተበላሸ እንዴ?» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት።

«አይ፣ እንዲሁ ነው አሠራሩ» አለ ሾፌሩ። «እዚህ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ። የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ዘፈኑ ‹ዮሀና› ይባላል።»

በጸጥታው ውስጥ የናዝራዊት ጣቶች ዘንቢሏ ላይ የቤዙን ዜማ መቱ። ከዚያ ሙዚቃው ተመለሰ።

«ምን አድርጋው ይሆን ይቺ ዮሀና?» አለች ሴትዮዋ።

«እኔንጃ» አለች ናዝራዊት፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።