ሳይገዛ የተሸጠ ዘይት

እምነቱን የያዘ ባንክ ከዓለም ጋር እኩል መሮጥ ይችል ይሆን? ኢዝሐር ለንደን ተምሮ ኩዋላ ላምፑር ከተመለሰ ወዲህ ይህን ጥያቄ ለራሱ እንኳ መመለስ አቅቶታል።

ወለድ የማይነካው ባንካቸው ገንዘብ ፈላጊውን በንግድ ነው የሚያስተናግደው። መጀመሪያ የፓልም ዘይት ይገዛል፤ ከዚያ ትርፍ ጨምሮ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጥለታል፤ ደንበኛው ዘይቱን ለሌላ ሸጦ ገንዘቡን ይወስዳል። ኢዝሐር ይህ ሁሉ በስልክ እንዲያልቅ ያደርጋል፤ ሱሃይላ ሥራው ከሸሪዓ እንዳይወጣ ትመረምራለች። እየተጨቃጨቁ ተዋወቁ፣ እየተጨቃጨቁ ተዋደዱ፣ ቀለበትም አሰሩ።

«አንተ የለንደኑ፣» አለችው አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ከሳህኑ የተጠበሰ ዓሣ እየሰረቀች። «አዲሱ አሠራርህ በጣም ፈጠነብኝ። ቅደም ተከተሉን አልነካህም አይደል?»

«የውጭዎቹ ባንኮች በደቂቃ ይጨርሳሉ። እኛ ዘይት ስንሸምት ደንበኛው ይሸሻል።»

«እኔ የጠየቅኩህ ሌላ፣ አንተ የምትመልሰው ሌላ።»

ዓይኗን ሸሸ። «አልነካሁም፣ የኔ ዳኛ።»

ሳቀች። አመነችው።

ነክቶት ነበር። የራስ ያልሆነን ዕቃ መሸጥ በሸሪዓ ክልክል ቢሆንም፣ ባንኩ ዘይቱን ገና ሳይገዛ ለደንበኛው ይሸጥ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ራሷ ደረሰችበት። ሪፖርቱን ከማቅረቧ በፊት ደረጃው ላይ ጠበቀችው።

«አሠራሩ ይቆማል፤ ትርፉም ለምጽዋት ይሄዳል፣» አለችው ቀስ ብላ።

«ሱሃይላ፣ ወዲያው እኮ ይገዛል። ምን ልዩነት አለው?»

«እሱን ዑለማዎቹ ይከራከሩበት። ብትነግረኝ አብረን መላ እንፈልግለት ነበር። አንተ ግን ከእኔው ጋር እየበላህ ዋሸኸኝ።»

«እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው።»



«ይሄ እንግዲህ ገና ሳንጋባ ነው፣» አለችና ወረደች።

አክስቷ ቀለበቱን አምጥተው ለእናቱ አስረከቡ። ሱሃይላ ወላጆቿ ወዳሉበት ኮታ ባሩ ተዛወረች። ኢዝሐር ቅደም ተከተሉን አስተካከለ፤ የሸሸ ደንበኛ አልነበረም።

የኢድ ጠዋት፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ የእናቱን እጅ ስሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጎረቤቶቹንም፣ ያኮረፈው የሥራ ባልደረባውንም ጠየቀ። ሁሉም ይቅር አሉት፤ በዚያ ቀን እምቢ የሚል የለም። ከዚያ ጥግ ይዞ በኢድ ሁሉም የሚለውን ቃል ለሱሃይላ በስልኩ ጻፈ፦

«በአፌም በልቤም ለበደልኩሽ ይቅር በይኝ።»

መልእክቱን አነበበችው። ሰው ሁሉ የሚጠያየቅበት የኢድ ወር አለቀ፤ መልስ አልመጣም።